ከሲራራ ማደሪያ ወደ እርሻ፦ የመርሳና የወልድያ መንገድ



ስለ መንገድ በተነጋገርን ቁጥር የምናነሣው ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የሚሸከመውን ክብደት ነው። ስለ ማደሪያው እምብዛም አንናገርም። ዛሬ ለማሳሰብ የምፈልገው ማደሪያውም የመንገዱ አካል መሆኑን ነው።

ሞተር ከመምጣቱ በፊት በየጁ ምድር የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ጉዞውን የሚለካው በአጋሰሱ ጉልበት ነበር። ጭነት የተሸከመ እንስሳ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጭነቱ ሊራገፍለት፣ ውሃ ሊጠጣና ሊግጥ ይገባዋል። ስለዚህ ማደሪያውን የሚወስኑት ውሃ፣ ሣርና ጸጥታ ነበሩ። ነጋዴው በሚያድርበት ስፍራ እህል ሻጩና ጠላ ጠማቂዋ ይሰበሰባሉ፤ ማደሪያውም ውሎ አድሮ ገበያ ይሆናል።

ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው የመኪና መንገድ ሲሠራ ይህ ስሌት ተለወጠ። መርሳ ከአዲስ አበባ በ491፣ ወልድያ በ521 ኪሎ ሜትር ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው 30 ኪሎ ሜትር ለአጋሰስ ከአንድ ቀን የሚበልጥ ጉዞ ሲሆን፣ ለመኪና ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ወልድያ በ1960ዎቹ መጨረሻ በቻይና እርዳታ መሠራት የጀመረው የወረታ መንገድ መነሻ በመሆኗ መንገደኛ አላጣችም። መገናኛ ያልሆነ ማደሪያ ግን በምን ይኖራል?

የሀብሩ መልስ መሬቱ ነው። በ508 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው ስሪንቃ የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ዝርያ የሚሻሻልበት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማትም በመስኖ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀድሞ የመንገደኛውን ከብት ያረካ የነበረው ውሃ ዛሬ ማሳ ያጠጣል።

እንግዲህ የእኛ ኃላፊነት እዚህ ላይ ነው። ከመንገድ በታች የምናሳልፈው የጎርፍ ቱቦ በደንብ ካልታሰበበት የገበሬውን ማሳ ቦይ አድርጎ ይሸረሽረዋል፤ በደንብ ከታሰበበት ግን ያንኑ ጎርፍ ለመስኖ ያደርሳል። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ የባቡር መስመር መድረሻ ወልድያ ከተማ ውስጥ ሳይሆን ሐራ ገበያ ነው። ማደሪያ እንደገና ቦታ ሊለውጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥናታችን ላይ፣ መሥመሩ ከሚያልፍበት ስፍራ ጋር፣ የሚተወው ማደሪያ በምን እንደሚተዳደርም ይጻፍ።