በእንቁላሉ ጊዜ

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የምትለዋን ተረት የማያውቅ የለም። ልጁ እንቁላል ሰረቀ፣ እናቱ ዝም አለችው፣ አድጎ የለየለት ሌባ ወጣው። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ለመሆኑ መጀመሪያውኑ ቢሰጡትስ ኖሮ?

በብዙ የገጠር ቤት ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ጭድ ውስጥ ይጠራቀማል። ገሚሱ ለመታቀፍ ይቀራል፤ ገሚሱ ገበያ ወጥቶ ጨው፣ ሳሙና ወይም ደብተር ይሆናል። እንግዳ ከመጣ ይጠበስለታል። ለልጁ የሚደርሰው በዓውደ ዓመት ነው፣ እሱም ትልልቆቹ ከተስተናገዱ በኋላ።

ለመሆኑ ያቺ ገበያ የወጣች እንቁላል ምን ይዛ ሄደች? 50 ግራም የምትመዝን እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አላት። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 9ኙም አሚኖ አሲዶች በውስጧ አሉ። አስኳሉ ደግሞ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ቢ12 ይዟል፤ ለአእምሮ ዕድገት የሚያስፈልገው ኮሊንም የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ ነጩን ሰጥቶ አስኳሉን መንፈግ ግማሽ ስጦታ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። እንቁላል ይህን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት በደቡብ አሜሪካዋ ኢኳዶር፣ ኮቶፓክሲ በሚባል ተራራማ ክፍለ ሀገር፣ ከ6 እስከ 9 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ተሰጣቸው። እንቁላል ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማላዊ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በቁመት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ የዚያ አካባቢ ልጆች ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር። እንቁላል ተአምር አይሠራም፤ የሚጠቅመው የጎደለበትን ነው። ሽሮና እንጀራ ብቻ በሚቀርብበት ገበታ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ግልጽ ነው።

«የሐበሻው ካልሆነ» የሚሉም አሉ። የአስኳሉ ቢጫነት የሚናገረው ዶሮዋ የበላችውን ነው፤ ቅጠልና በቆሎ የለቀመች ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። በፕሮቲን በኩል ግን የፈረንጁም አያሳፍርም፤ እንዲያውም በመጠን ይበልጣል። የሐበሻው ተወደደ ተብሎ ልጅ ጦሙን አይደር።

ሌላው እንቅፋት ጾም ነው። ሕፃናት አይጾሙም፤ እናት ግን ዕቃው ፍስክ እንዳይነካው ስትል የልጁንም ትተወዋለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ለልጁ ብቻ ትለይለት። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይቀቀል፣ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቆይ። ጥሬው ወይም ለብ ብሎ የወጣው ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በእናት ጡት ወተት አላልቶ፣ በማንኪያ ማቅመስ ነው።

ኮሌስትሮል የሚያስፈራችሁ፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ትልልቆች ሐኪማችሁን አማክሩ። ያ ስጋት ግን የአዋቂ እንጂ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ አይደለም። የገበያው ቅርጫት ከመታሰሩ በፊት የልጁ ድርሻ ይነሣ፤ የቀረው ጨውም ሳሙናም ይግዛ።