ዐሥራ ሦስተኛው ስም፦ የወራት ዝርዝር በኮምፒዩተር ቅጽ ላይ



ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በኮምፒዩተር ቅጽ ላይ ሲነኩት ወደ ታች የሚዘረጋውን፣ ተቆልቋይ ዝርዝር የምንለውን ነገር በወራት ስም መሙላት ነው። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የተሳሳተውን ማለቴ ነው።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በያሆዴ በዓል ሰሞን ሾኔ ነበርሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2016 የተወለደ የዘመድ ልጅ ሊመዘገብ ሲሄድ አብሬ ሄድሁ። መዝጋቢዋ ወጣት የወሩን ዝርዝር ዘረጋች፤ ወደ ታች ወረደች፤ ተመልሳ ወጣች። «ጋሼ፣ ከነሐሴ በኋላ የለም፤ መስከረም 1 ልበለው?» አለችኝ። ልዩነቱ ሁለት ቀን ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ የ2016 መሆኑ ቀርቶ የ2017 ይሆናል፤ ዕድሜ በዓመተ ምሕረት ብቻ በሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓመት ይጎድለዋል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የቀኑም ቆጠራ ከሐሰት መነሻ ይጀምራል። ወጣቷን አልወቅስም፤ የሌለውን ስም ከየት ታምጣው?

ስሙ እንዴት እንደ ጠፋ እንመልከት። የየአገሩን የቀንና የወር አጻጻፍ የሚይዘው የዩኒኮድ የመረጃ ስብስብ ለአማርኛ ሁለት ዓይነት ወራት አሉት፦ በፊደላችን የተጻፉትን የፈረንጅ ወራት፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ዐሥራ ሦስቱን። ቋንቋውን አማርኛ፣ አገሩን ኢትዮጵያ ብለን ብቻ ብንጠይቅ የሚመጣልን የመጀመሪያው ነው። የራሳችንን ለማግኘት በቋንቋው መለያ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ስም፣ «ኢትዮፒክ» የሚለውን፣ መጨመር ግድ ነው።

ብዙዎች እዚህ ድረስ በትክክል ይደርሳሉ። የሚወድቁት ቀጥሎ ነው። በጃቫስክሪፕት የተለመደው ዘዴ ከጃንዩወሪ እስከ ዲሴምበር የየወሩን የመጀመሪያ ቀን በሉፕ እየፈጠሩ የወሩን ስም መጠየቅ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንጠይቀው ምን ይመልሳል? ጃንዩወሪ 1 ታኅሣሥ ውስጥ ይውላል፤ ፌብሩወሪ 1 ጥር ውስጥ፤ እንዲህ እያለ ሴፕቴምበር 1 ነሐሴ ላይ፣ ኦክቶበር 1 መስከረም ላይ ይደርሳል። ዐሥራ ሁለት የተለያዩ፣ ሁሉም ትክክለኛ የሆኑ የአማርኛ ስሞች እናገኛለን። ጳጉሜን ግን በሴፕቴምበር መጀመሪያዎቹ ቀናት አልፎ ስለሚውል ከየትኛውም የፈረንጅ ወር 1ኛ ቀን ጋር አይገጥምም። ፕሮግራሙ ስሕተት አያሳይም፤ ማያው ላይ ያለው ሁሉ አማርኛ ነው። ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ መስከረምን ከላይ ያደረገ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የሾኔው ቅጽ ላይ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

መፍትሔው ሉፑን ከራሳችን አዲስ ዓመት ማስጀመር ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር፤ ከዚያ ሠላሳ ሠላሳ ቀን እየጨመርን ዐሥራ ሦስት ስም እንሰበስባለን። ወሮቻችን እኩል ሠላሳ ቀን መሆናቸው እዚህ ላይ ይክሰናል።

የሚገርመው፣ በጃቫም ሆነ በዶት ኔት የወራት ስም ዝርዝር ሲጠየቅ የሚመጣው አሬይ ዐሥራ ሦስት ቦታ አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር የመጨረሻው ባዶ ነው፤ ቦታው ዐሥራ ሦስት ወር ላላቸው አቆጣጠሮች የተተወ ነው፤ ለምሳሌ ለዕብራውያን። የእኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ባዶ መስመር እንደ እንከን ቆጥረው ሲሰርዙት አይቻለሁ። በሰው ቤት የተዘጋጀልንን ወንበር ራሳችን ከምድር ቤት እንደ መወርወር ነው።

በዳታቤዝ የሚቀመጠውም ስሙ መሆን የለበትም። ኅዳር፣ ሕዳር፣ ህዳር፤ ታኅሣሥ፣ ታህሳስ፤ ጳጉሜን፣ ጳጉሜ፦ ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ቃላት። የሚቀመጠው ቁጥር ይሁን፤ ከቁጥሩ ጋር ግን የዘመን አቆጣጠሩ ይጻፍ። 5/1/2017 ብቻውን ከተቀመጠ አንዱ መስከረም 5፣ ሌላው ጃንዩወሪ 5 ብሎ ያነበዋል፤ በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ስሙ ከቁጥሩ ከተለየ ደግሞ ያንኑ ቅጽ በላቲን ፊደል ለሚጻፈው ለሀዲይኛ ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ የስሞቹን ሰንጠረዥ ተናጋሪዎቹ ይሞሉታል፣ ኮዱ አይነካም።

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ልስጥ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅጻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ሁለት ቀን አስገባለሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን መቀበልና ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ብሎ መመለስ አለበት፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነውና። ጳጉሜን 6 ቀን 2018ን ግን እንቢ ይበል።