ደም መጣጭ ዝንቦችን በአካላዊ ምልክታቸው ስለ መለየት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «ዝንብ» የሚለው ቃል ብዙ ዓይነት ነፍሳትን በአንድነት ይጠራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከብቱን ከሜዳው ስለምታሰድድ አንዲት ተናካሽ ፍጥረት ሲጽፍ፣ በአገሬው ቃል «ዝንብ» ብሎ መዘገባት። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ከፊሎቹ ጼጼ ናት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከታባኒዴ ቤተሰብ ናት እያሉ ተከራከሩባት።

ክርክሩ የታሪክ ብቻ አይደለም። ገንዲ በታየበት ሁሉ ጼጼ አለች ብሎ መደምደም ዛሬም የሚያሳስት አስተሳሰብ ነው። ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በጼጼ ውስጥ አድጎ የሚተላለፍ ቢሆንም፣ በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች አፍ ላይ እንዳለ ከታመመው ከብት ወደ ጤነኛው ሊሻገር ይችላል። ጼጼ በሌለችበት በደቡብ አሜሪካ መዛመቱ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያም የጼጼ መኖሪያ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ቆላ፣ በተለይም የዓባይ፣ የዲዴሳ፣ የባሮና የኦሞ ሸለቆዎች ሲሆን፣ በሽታው ግን ጼጼ በሌለባቸው በጣና ሐይቅ አካባቢዎችም በከብት ላይ ተገኝቷል። ስለሆነም በወጥመድ የተያዘችው ዝንብ ማን ናት የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት።

በመጀመሪያ የታባኒዴ ቤተሰብ ይለያል። የዚህ ቤተሰብ ዝንቦች አብዛኞቹ ግዙፍ፣ ዓይናቸው ትልቅና ብዙውን ጊዜ ባለ ቀለም ነው። የአንቴናቸው ጫፍ ቀለበት በቀለበት የተያያዘ እንጂ ጸጉር የሚመስል ዘንግ የለውም። በክንፋቸው ጫፍ ሁለት ሥሮች እንደ ባላ ተከፍተው ጫፉን ያቅፉታል። ደም የምትመጥጠውም ሴቲቱ ብቻ ናት።

ይበልጥ የሚያሳስቱት ጼጼና የበረት ዝንብ ናቸው። ጼጼ ግሎሲኒዴ ለሚባለው ቤተሰብ ብቸኛዋ ወገን ስትሆን፣ የበረት ዝንብ ግን የቤት ዝንብ ከምትገኝበት ከሙሲዴ ቤተሰብ ናት። የሁለቱም መምጠጫ ወደ ፊት የቀና ነው፤ ሁለቱም፣ ወንድም ሴትም፣ ደም ይመጥጣሉ። ጼጼ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ ስለት አንዱን በሌላው ላይ ትደርባለች፤ የበረት ዝንብ ግን በመጠኑ ከፈት አድርጋ ትይዛቸዋለች። ሆኖም ይህ ምልክት በሕይወት ላለችው እንጂ በወጥመድ ውስጥ ሞታ ለደረቀችው አያገለግልም።

ለሞተችው የሚያገለግለው የክንፍ ሥር ነው። በጼጼ ክንፍ መካከል በሥሮች የታጠረው ክፍል የፋስ ቅርጽ አለው፤ ይህም በሌሎቹ ዘንድ አይገኝም። ክንፉ ተቀዶ እንደሆነ ወደ ራስ ይታያል። የጼጼ የአንቴና ዘንግ ላይ ያሉት ጸጉሮች በላይኛው ወገን ብቻ ተሰልፈው፣ እነርሱም ራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ የበረት ዝንብ ግን ጸጉሮቿ ቅርንጫፍ የላቸውም። የጼጼ መምጠጫ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ያበጠ ሲሆን፣ ርዝመቱን በሚያህሉ ሁለት መዳሰሻዎች ይሸፈናል፤ የበረት ዝንብ መዳሰሻዎች አጫጭር ናቸው።

የመለየቱ ጥቅም በሥራው ላይ ይታያል። ጼጼ እንቁላል አትጥልም፤ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ ስለምትወልድ ቍጥሯ የሚተካው በዝግታ ነው፤ ወጥመድና መድኃኒት የተቀባ ከብት የሚያሸንፏትም ስለዚህ ነው። የበረት ዝንብ በበሰበሰ ጭድና እበት ስለምትራባ ቀዳሚው መፍትሔ በረቱን ማጽዳት ነው። የታባኒዴ እጮች ግን በረግረግና በእርጥብ አፈር ተሰውረው ስለሚያድጉ፣ እዚያ ከማሳደድ ይልቅ ከብቱን መጠበቅ ይቀላል።

እንግዲህ የመስክ ባለሙያ የእጅ አጉሊ መነጽሩን ሳያነሣ «ዝንብ ተያዘ» ብሎ ቢመዘግብ፣ የገበሬው ገንዘብና ድካም ያለ ቦታው ሊውል ይችላል። በመዝገቡ ላይ የቤተሰቡ ስምና የታየው ምልክት አብረው ይጻፉ።