ፍቺ፣ ሐዷናና ነፈቃ፦ አባቱ በሕይወት እያለ የሚቸገር ልጅ

(በነቀምቴ ለየቲም ደጋፊዎችና ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን፤ ምስጋና ሁሉ ለርሱ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከእናንተ ከረጂዎቻችን ዘወትር የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ባሏ ፈቷት ሄዷል፤ ስንቅም ልብስም አይልክም። እናንተ ግን አባታቸው በሕይወት ስላለ በየቲም መዝገብ አንጽፋቸውም ትላላችሁ። የልጆቹ ረሃብ ከየቲሙ ረሃብ በምን ይለያል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ አይደለም፤ ስለ ፍቺ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቀለብ ሸሪዓችንም የአገራችን ሕግም የሚሉትን ማወቅ ይጠይቃል። ዛሬ የምንነጋገረውም በዚሁ ላይ ነው።

የቲም ማን ነው?

በፊቅህ ቋንቋ የቲም ማለት ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ዑለማዎች ይህን ስም በአባት ሞት ላይ የወሰኑት ነፈቃ በአባት ላይ ግዴታ ስለሆነ ነው። አባት ሲሞት ያ ግዴታ የሚወጣው ሰው ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ኡማው ይተካል። አባት በሕይወት እያለ ግን ግዴታው ከጫንቃው አልወረደም። በጦላቅ የሚፈርሰው የባልና የሚስት ትዳር እንጂ የአባትና የልጅ ዝምድና አይደለም።

ስለዚህ የተፈታችውን እናት ልጆች በየቲም መዝገብ አስገብተን ዝም ብንል ሁለት በደል እንፈጽማለን። አንደኛ፣ እናንተ ለየቲም ብላችሁ የሰጣችሁትን አማና ካሰባችሁት ውጭ እናውለዋለን። ሁለተኛ፣ አቅም ያለውን አባት ከአላህ ግዴታ እናሳርፈዋለን፤ ነገ ሌላውም አባት እርሱን አይቶ ይከተላል። እናቲቱን ባዶ እጇን መመለስ ደግሞ ሦስተኛ በደል ነው። መፍትሔው መብቷን እስክታስከብር ድረስ ለድሆችና ለምስኪኖች ከሚሰጠው ዘካና ከሰደቃ መርዳት፣ ከዚያም ጎን ለጎን የልጆቹን ነፈቃ ከባለ ዕዳው እንድታገኝ አብሮ መቆም ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ስለ ጡት ማጥባት ሲነገር፣ የእናቲቱ ምግብና ልብስ በአባት ላይ እንደሆነ፣ ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ፣ እናትም አባትም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ታዟል። በሱረቱ ጦላቅ 6ኛና 7ኛ አንቀጾች ደግሞ ባለጸጋው እንደ ሀብቱ፣ ኑሮው የጠበበበትም እንደ ችሎታው እንዲያወጣ ተደንግጓል። አባት «የለኝም» ቢል እንኳ ባለው መጠን ይጠየቃል ማለት ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን ለቤቱ በቂ እንደማያወጣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባሰማች ጊዜ፣ ለራሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል በአግባቡ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። ነፈቃ ባል ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም፤ መብት ነው።

ሐዷና፣ ማለትም ሕፃኑን የማሳደግ ኃላፊነት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእናት ነው። በዚህ አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ነገር መለየት ሲጀምር፣ ይኸውም በአብዛኛው በ7 ዓመቱ ገደማ፣ ከእናቱና ከአባቱ እንዲመርጥ ይደረጋል። በሐነፊይ መዝሀብ ወንዱ እስከ 7፣ ሴቷ እስከ 9 ዓመት ከእናት ጋር ይቆያሉ የሚለው የታወቀ ነው። እናቲቱ ለልጁ ባዕድ የሆነ ሰው ብታገባ ሐዷናው ወደ እናቷ፣ ማለትም ወደ ልጁ አያት፣ ይሸጋገራል። ልጁ በማንኛዋ ዘንድ ቢያድግ ግን የነፈቃው ባለ ዕዳ አባት ነው። «ልጁን ካልሰጠሽኝ ብር አልሰጥም» የሚለው የብዙ ወንድሞቻችን ንግግር በየትኛውም መዝሀብ መሠረት የለውም።

የአገሪቱ ሕግስ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። እኛ ያለንበት ኦሮሚያ ደግሞ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አውጥቶ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 አሻሽሎታል።

የፌዴራሉን ሕግ ስናይ፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ኒካሕ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው ጋብቻ ጋር እኩል ውጤት አለው። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ግን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ለባልና ሚስት ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ የዒዳን ጥበብ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክርክሩ እስኪያልቅም ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። በመጨረሻ ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ የሚለውን የሚወስነው በአንቀጽ 113 መሠረት የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉም በላይ የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ነው። ቀለብ ሲባልም እህል ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክለውን ሰው በወንጀል ይቀጣል።

ሁለቱ በሮች

ሙስሊም ቤተሰብ ጉዳዩን በሁለት በሮች ማቅረብ ይችላል፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት ወይም በሸሪዓ ፍርድ ቤት። የቃዲ ችሎት በመንግሥት ዕውቅና ማግኘቱ አዲስ አይደለም፤ ስለ ናኢባና ቃዲ ምክር ቤቶች በ1936 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው አዋጅ ይታወሳል። ዛሬ የፌዴራሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ይመራሉ፤ ኦሮሚያም የራሱ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉት። መሠረታቸው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ሲሆን፣ ቁልፉ ቃልም «ፈቃድ» ነው። ሁለቱም ወገኖች ሳይስማሙ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኛቸው አይችልም። በአዲስ አበባ በተነሳ የውርስ ክርክር ተከራካሪዎቹ ሳይፈቅዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ስላየ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ወስኗል።

እህቶቻችን እዚህ ላይ በደንብ አድምጡን። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ጉዳዩን ከሸሪዓ ወደ መደበኛው፣ ከመደበኛውም ወደ ሸሪዓ ማዛወር አይቻልም። ስለዚህ መጥሪያ ሲደርሳችሁ በእፍረት ወይም በኩርፊያ ቤት አትቀመጡ። ሁለቱ በሮች ከገቡባቸው በኋላ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በሸሪዓው መህርሽና የግልሽ ንብረት ያንቺ ነው፤ በቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተፈራው የጋራ ንብረት እኩል ይከፈላል። በሸሪዓው ዳግም ማግባት የሐዷናን ቅደም ተከተል ይለውጣል፤ በቤተሰብ ሕጉ ዳኛው የልጁን ጥቅም ይመዝናል። በእኛ ክልል ዝርዝር ሥርዓቱን ከመዝገብ ቤት ጠይቃችሁ፣ በዲናችሁም በልጆቻችሁም ጉዳይ ዐውቃችሁ ግቡ። ሰዎች አዋክበዋችሁ አትፈርሙ።

መዘግየት መብት ይበላል

ብዙ እናቶች «ሽማግሌ ገብቷል፣ ነገ ይሰጣል» እየተባሉ ዓመት ይቀመጣሉ። ሱልሕ መልካም ነው፤ በሱረቱ ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ ከባል ቤተሰብና ከሚስት ቤተሰብ አንድ አንድ አስታራቂ እንዲላክ ታዟል። ሆኖም ዕርቅ ልጅን የማስራቢያ ዘዴ መሆን የለበትም። በሻፊዒይ መዝሀብ የሚስት ያልተከፈለ ነፈቃ በባል ላይ ዕዳ ሆኖ ይቆያል፤ የልጆች ያለፈ ነፈቃ ግን ቃዲ ካልፈረደበት በስተቀር ጊዜው ሲያልፍ ይቀራል። የፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንደሚቀር ይደነግጋል። ሁለቱ ሕጎች ከተለያየ ምንጭ ተነስተው አንድ ምክር ይሰጡናል፦ ዛሬ ጠይቁ። ሽማግሌዎችም ስምምነቱን በወርና በብር ቆርጠው፣ ጽፈውና አስፈርመው ይስጡ።

ወረቀት ከሌለ ማስረጃው ይደክማል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ከነሐሴ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቀበሌ ይሠራል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ሁሉ ይመዘገባሉ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በደረሰው ግጭት ቤታቸውን ጥለው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ብዙዎች ናቸው፤ ከቤቱ ጋር ሰነድ የጠፋበትም አለ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ የአባቱን ልጅነት ለማስረዳት ይቸገራል፤ አባቱ የሞተበትም ውርሱን ለመጠየቅ ይቸገራል። ኒካሕ የምታስሩ ኢማሞችና ሸይኾች፣ ሙሽሮቹን ወደ ቀበሌ መላክን የኒካሑ ማጠናቀቂያ አድርጉት።

አባት ሲሞት

አሁን ወደ እውነተኛው የቲም እንመለስ። በቤተሰብ ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። በሻፊዒይ ፊቅህ ደግሞ የልጁ ገንዘብ ወሊይ ከአባት ቀጥሎ የአባት አባት ነው፤ እርሱ በሌለበት አባት በኑዛዜ የሾመው ወሲይ፣ ያም ከሌለ ቃዲ የሚሾመው ይሆናል። እናትም ወሲይ ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ አያት የሌለው ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ሚስታችሁ ታማኝ ከሆነች ገና በጤናችሁ ሳላችሁ በኑዛዜ ሹሟት። አጎት ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ የሚሄደው፣ የቡና መሬቱንም «የወንድሜ ነው» ብሎ የሚያርሰው ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ቃል ስለማይኖር ነው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሰው እሳት ወደ ሆዱ እንደሚያስገባ በሱረቱ ኒሳእ 10ኛው አንቀጽ ተነግሯል። የአጎትነት ስም ከዚህ አያድንም።

ምን እናድርግ?

ረጂዎቻችን፣ የየቲሙን ድርሻ ለየቲም ጠብቁ፤ ለተፈታችው እናት ደግሞ ከሌላው ሰደቃችሁ የመጓጓዣዋን፣ የአቤቱታ ማጻፊያዋን፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀለብ አስቡላት። ከቤጊ ወይም ከነጆ ገጠር ወደ ፍርድ ቤት መመላለስ ለድሃ እናት ቀላል አይደለም፤ አንድ ቀጠሮ ስትቀር የልጆቿ ጉዳይ ሊዘጋ ይችላል። በሕግ የተማራችሁ ልጆቻችን በወር አንድ ቀን ብትሰጡ ከብዙ ኩንታል ስንዴ የበለጠ ሰደቃ ነው፤ ስንዴው ያልቃል፣ የተፈረደ ነፈቃ ግን ልጁ እስኪደርስ ይቀጥላል።

አባቶች፣ ሚስት ብትፈቱ ልጅ አትፈቱም። በጁሙዓ መጀመሪያው ሰፍ ላይ ቆሞ የልጁን ደብተር መግዣ የሚከለክል ሰው ነገ በአላህ ፊት ስለ ሁለቱም ይጠየቃል። እናቶችም፣ ከአባቱ ጋር ስለተጣላችሁ ልጁን ከአባቱ አትደብቁት፤ አባቱን ማየት የልጁም መብት ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሞቱትን አባቶች ይማርልን፤ በሕይወት ያሉትን ኃላፊነታቸውን የሚወጡ ያድርግልን።