ንድፍና ንድፈ ሐሳብ

(በሆሳዕና ለተሰበሰቡ የሐዲያና የከምባታ የሳይንስ መምህራን የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ዝግመተ ለውጥ ይናገር ዘንድ መጋበዙ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። እኔ ግን የምናገረው ስለ ባዮሎጂው ጥልቅ ጉዳይ ሳይሆን፣ ምዕራፉ ገና ሳይጀመር ተማሪውን ስለሚያሰናክለው ስለ አንድ ቃል ነው። ይኸውም «ቲዎሪ» የሚለው ቃል ነው።

እንደምታውቁት ዝግመተ ለውጥ በ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መማሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ ተማሪው ቃሉን የሚያብላላው በሐዲይሳ፣ በከምባቲሳ ወይም በአማርኛ ነው። በየመንገዱ «እሱ ቲዎሪ ነው» ሲባል በተግባር የማይውል ነገር ማለት ነው። አማርኛው ደግሞ «ንድፈ ሐሳብ» ይለዋል። በእኔ ሙያ ንድፍ ማለት ሕንፃው ከመቆሙ በፊት በወረቀት ላይ የሚሰፍር ሥዕል ነው፤ በንድፍ ውስጥ የሚያድር ሰው የለም። እንግዲህ ተማሪው ይህን ቃል ሲሰማ ገና ያልተሠራ ቤት ቢታየው አይፈረድበትም። መምህሩም ክርክሩን ሸሽቶ ምዕራፉን በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያልፈው፣ ተማሪው ያጣው የፈተና ነጥብ ብቻ አይደለም።

በሳይንስ ያልተፈተነ ግምት መላ ምት ይባላል። ንድፈ ሐሳብ ግን በብዙ ማስረጃ የተፈተነና ብዙ ነገሮችን በአንድነት የሚያስረዳ፣ የቆመ ቤት ነው። ሲያድግ «ሕግ» ይሆናል ማለትም ስሕተት ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ባቄላችንም ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። የአየር ግፊትና የሙቀት ግንኙነት በሕግ ይነገራል፤ ግንኙነቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳው ግን ስለ ሞለኪውሎች እንቅስቃሴ የተገነባው ንድፈ ሐሳብ ነው። ሕግ ይገልጻል፤ ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል።

ንድፈ ሐሳብ ሊፈርስ የሚችልበትን መንገድ ራሱ ማሳየት አለበት። ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምስክር አይገኝም። የአርዲ አጥንት ዕድሜው 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ በኦሞ ኪቢሽ የተገኙት የእኛን የመሰሉ ሰዎች አጥንቶች ግን በመቶ ሺህ ዓመታት የሚቆጠሩ ናቸው። በአርዲ የአፈር ንጣፍ ውስጥ የዛሬ ሰው አጥንት ቢገኝ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ሐሳብ በብርቱ ይናጋ ነበር። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«እንግዲያስ ፈጣሪ የለም ልትሉን ነውን?» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ በዚህ አካባቢ ጥያቄው ከልብ የሚመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ንድፈ ሐሳቡ ሕያዋን በምን መንገድ እንደ ተለወጡ ይናገራል እንጂ በፈጣሪ መኖር አለመኖር አይፈርድም። ፈተናውም የሚጠይቀው ማስረጃውን ማወቁን እንጂ እምነቱን አይደለም። ይህ ከመጀመሪያው ቀን ቢነገር የብዙ ልጆች ሸክም ይቀል ይመስለኛል።

ትምህርቱም ከሰው ዘር ባይጀምር እመርጣለሁ፤ ከስንዴ ይጀምር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ተዛምቶ፣ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ አጠቃው። ገበሬው ቢጫ ዋግ ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዋግ ቍጥር ስፍር የሌለው ብናኝ ያፈራል፤ ከዚያ ውስጥ የስንዴውን መከላከያ የሚያልፍ ለውጥ የያዘ አንድ ብናኝ ቢገኝ፣ ሌሎቹ ሲመክኑ እርሱ ይራባል፤ ነፋስም ያሰራጨዋል። ገበሬው አንድ ዝርያ ብቻ በሰፊው ሲዘራ ለዚያ ብናኝ መንገዱን ጠረገለት። («ዝግመተ» የሚለው ቃል ራሱ አሳሳች መሆኑን ልብ በሉ፤ ዋግ ብዙም አልዘገመም።) አዲስ ዝርያ የሚያወጡት ተመራማሪዎቻችን ሥራቸው በዚሁ ንድፈ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዋግ ነገም እንደሚለወጥ አውቀው የተለያዩ መከላከያዎችን በአንድ ዘር ውስጥ ለማጣመር ይደክማሉ።

ሆሳዕናን ከብበው ያሉት ቀበሌዎች ስንዴ አብቃዮች ናቸው። መምህሩ በመስከረም መጨረሻ ተማሪዎቹን ወደ ቅርብ ማሳ ይዞ ቢወጣና ዋግ የያዘው ቅጠል ቢገኝ፣ እያንዳንዱ ልጅ በጣቱ ዳስሶ ብናኙን ይይ። ከዚያም ወላጆቹ ቀድሞ የትኛውን ዝርያ ይዘሩ እንደ ነበርና ለምን እንደ ተዉት ጠይቆ መልሱን በደብተሩ ጽፎ ይምጣ።