ያለፉት ዓመታት በሒሳብ መዝገባችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ደሴ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.)



ሊቀ መንበራችን የዓመቱን ሒሳብ ከማቅረብ ሌላ ሳምንታዊው ቁጠባ ለምን ይጨመር እንደምንል እንዳስረዳ አዘውኛል። ለዚህ የዘንድሮው መዝገብ ብቻ አልበቃኝም። ከ2012 ጀምሮ ያሉትን አውጥቼ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። አገር ላይ የደረሰው ሁሉ እኛም መዝገብ ውስጥ አለ። አንዳንዱ ባዶ ገጽ ሆኖ፣ አንዳንዱ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት።

የመጀመሪያው ባዶ ገጽ የኮሮና ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 በሽታው አገር መግባቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ገንዘብ ያዣችን ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በር ላይ ቆመው ሃያ ሃያ ብሩን ይለቅሙ ነበር። ይህን ሁላችሁም ስለምታስታውሱት አልዘገይበትም።

የምዘገየው መስከረም 4 ቀን 2013 ላይ ነው። የዚያን ቀን መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩ፣ አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ አስታወቀ። ለመቀየሪያ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለን ሴቶች ያኔ ከየጓዳው ያወጣነውን ገንዘብ ብዛት ባሎቻችን ቢያዩ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። (ሳቅ) ከሌማት ሥር፣ ከበርበሬ ማሰሮ ውስጥ፣ ከፍራሽ ስፌት። ባለ ሦስት ቁልፉ ሳጥናችንም ተከፍቶ ተቆጠረ፣ ወደ ባንክም ተወሰደ። ከዚያ በፊት ሒሳብ እንክፈት ባልኩ ቁጥር ገንዘባችን ዓይናችን ሥር ይሁን ትሉኝ ነበር። እኔም ደክሞኝ ትቼው ነበር። በማኅበሩ ስም ሒሳብ የተከፈተው የብር ኖት መቀየሩ ስላስገደደን እንጂ እኔ ስላሳመንኳችሁ አይደለም። ይህን የምናገረው ዓመት ቆይቶ ለደረሰው ነገር ብዙ ሰው እኔን ስለሚያመሰግን ነው።

የደረሰውን ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። ለጊዜው የሰሜን ወሬ መሰለን። በ2013 ክረምት ግን ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉ ወገኖች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞሉ። የነሐሴው መዝገብ ላይ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና የሚል ወጪ በተከታታይ ሰፍሯል። አንዱም በመተዳደሪያ ደንባችን አልተፈቀደም፤ ኦዲት ብደረግ መልስ የለኝም። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ደግሞ ተራው የእኛው ሆነ። መዝገቦቹን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ልጄን አዝዬ በኮምቦልቻ አድርጌ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ መመለሷ የተነገረው ኅዳር 27 ነው። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ ዝግ፤ ቀርታችሁ ያሳለፋችሁት ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

ስንመለስ ሳጥኑ ተሰብሮ አገኘነው። ውስጡ የነበረው ለዕለት ወጪ የተተወ ጥቂት ገንዘብ ነበር። ባንክ የገባው ግን ቅርንጫፉ ሲከፈት አንድ ሳንቲም ሳይጎድል ተገኘ። ጥሬ ገንዘባቸውን ቤት ያስቀመጡ ሌሎች ቡድኖች ከባዶ ጀመሩ።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። ታኅሣሥ 2014 የመጀመሪያውን ስብሰባ ስናደርግ፣ ከ43 አባላት 31 ተገኘን። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ወረቀቴን አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስምንት ሳምንት ያልከፈለ አባል ይሰረዛል፣ ብድር ካለበት ከቁጠባው ይቀነሳል። አሥራ ሁለት ስም አነበብኩ። ያ ወረቀት ሒሳቡ አንድም እንከን የለበትም።

አንዲት እናታችን እጃቸውን አወጡ። በ77 ድርቅ ጊዜ ወንድማቸው ለሠፈራ ወደ ምዕራብ ተጭኖ ሄደ። የሰፈሩ እድር መዋጮ አቋርጧል ብሎ ስሙን ሰረዘው። ደርግ ሲወድቅ በ83 ከስቶ፣ ታሞ በእግሩ ጭምር እየተጓዘ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ድንኳን የሚተክል፣ ቃሬዛ የሚያወጣ እድር አልነበረውም። ጎረቤት እንደምንም ቀበረው። እናታችን ይህን ተናግረው ሲያበቁ ተቀመጡ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም ወረቀቴን አጠፍኩ።

በዚያ ቀን መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ ተሰመረ፤ «በመፈናቀል የዘገየ» ይላል። ቅጣት የለውም፣ ቁጠባው አይነካም፣ ብድሩም ሰውየዋ እስክትመለስ ይቆያል። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ተመለሱ። አንዷ በስደት እንዳለች አርፋለች፤ ቁጠባዋን ለእህቷ አስረክበናል። ሁለቱ እስከ ዛሬ ወሬያቸው የለም። ስማቸው በየዓመቱ አዲስ መዝገብ ላይ ይገለበጣል፤ እኔው ነኝ የምገለብጠው። ደጋፊዎቻችን ሪፖርታችን ላይ 43 አባላት የሚለውን ከተሰብሳቢው ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ይመጡ ይሆናል ብለን ነበር። ከዚያ በሐምሌ 2015 በክልላችን እንደገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል።

ወደ ቁጠባው ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ከባንክ መስኮት አልፎ እኛ ምጣድ ድረስ መጥቷል። የብድራችን ጣሪያ 5 ሺህ ብር ሲወሰን ገንዘቡ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ለእንጀራ ጋጋሪ መነሻ ይሆን ነበር። ዛሬ ግማሽ ኩንታል አይሞላም። የተበደረች አባል ዕዳ ይዛ ሥራ ሳትጀምር ትቀራለች። ዘንድሮ ብድር የጠየቁት የቀነሱት ሰው ስለጠገበ አይደለም።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእናንተ የመጣው ገንዘብ በብር ሲመዘገብ ከአምናው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሪፖርቱን ያረቀቀችው እህቴ «ገቢያችን በእጅጉ አደገ» ብላ ጽፋ ነበር፤ እኔ አስወጣሁት። በዶላር ያው ነው፣ በጤፍ ሲመነዘር ደግሞ ያን ያህል አልጨመረም። አድገዋል ብላችሁ እንዳትቀንሱብን ፈርቼም ነው፤ አልደብቅም።

ሥራ አመራሩ ሳምንታዊው 20 ብር ወደ 50 ከፍ ይበል፣ የብድሩም ጣሪያ 15 ሺህ ይሁን ይላል። እኔ በ50ው እስማማለሁ፣ በአንድ ጊዜ መሆኑን ግን አልደግፍም። ቡና ጠጡ የሚሸጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ እህቶቻችን በወር 200 ብር ከየት ያመጣሉ? አቅቷቸው ሲወጡ ደግሞ ራሳቸው ወጡ እንላለን፤ እሱም ያው መሰረዝ ነው። ስለዚህ ያቀረብኩት ማሻሻያ እስከ ታኅሣሥ 30 ብር፣ ከዚያ 50 ይሁን የሚል ነው። ያልቻለች በ20ው ትቀጥል፣ ብድሯም በቁጠባዋ መጠን ይሁን። በመፈናቀል የዘገዩት ሁለቱ ላይ ጭማሪው አይቆጠርም።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። መዝገቦቹ በሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ማንበብ ለማትችሉ እናቶች የየራሳችሁን ገጽ እኔ አነብላችኋለሁ፣ አንድ በአንድ ኑ።