ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በአንበሳሜ የተደረገ ንግግር



ባለፈው ዕረፍት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ ሞልተው ከጎደሉ በኋላ፣ አንዲት እናት «ልጆቼ፤ ወባ ከውሃ የሚመጣ ከሆነ፣ ወንዙ ሲሞላ ሳይሆን ሲጎድል የሚበረታብን ስለ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱን እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ተንተባተብን። እሳቸውም አዘኑልንና ቡና አቀረቡልን። ዛሬ ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንድንናገር ያነሣሣን ይህ እፍረት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ልጅ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። ወደ ህንድ ተወሰዱ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አስፋፉ፤ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ የተሟላ ሐኪም ነበሩ፤ አማርኛ ግን አያውቁም። አያታቸው የለዩዋቸው በገላቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። እስቲ አስቡት፤ ጠባሳው የተናገረውን ያህል እንኳ አንደበታቸው ለአያታቸው መናገር አልቻለም!

እሳቸው ግን በዚህ አልቀሩም። ቋንቋቸውን እንደገና ተማሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሳሉ፣ መሐንዲሶች የነበሩትን ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከሥራቸው ሁሉ በእኛ ዘንድ የሚልቀው በአማርኛ የጻፉት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። እርግጥ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ትምህርቱ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በልጅነት የተነጠቁ ሰው የዓለምን ነገር በአማርኛ ለመጻፍ ከደፈሩ፣ ከእናታችን ጉያ ሳንወጣ አማርኛ የተማርን እኛ ምን ብለን እናመካኛለን?

ስለዚህ ለእኚያ እናት የሚሆነውን መልስ አሰናድተናል። የሞላ ወንዝ የወባ ትንኝን እንቁላልና ትል ጠርጎ ይወስዳል፤ ሲጎድል ግን በየጉድጓዱና በከብት ኮቴ ዱካ ሳይቀር የረጋ ውሃ ትቶ ይሄዳል፤ ትንኟም የምትራባው በዚያ ነው። በመጪው ዕረፍት ሄደን እንነግራቸዋለን፤ ቡናውንም በዚያን ጊዜ ሳናፍር እንጠጣለን።